ዶክተር ዳይሬክተር

ከስድስት ኪሎ ተነስታችሁ ሽሮ ሜዳን እያለፋችሁ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ስትወጡ ግራና ቀኝ የሚሸጠው ብዙ ነው። ነጠላው፣ ጋቢው፣ የጥበብ ቀሚሱ፣ የልጆች የአገር ልብሱ... ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላ ሸቀጥም ነበር፤ የመብራት ፖል ላይ በወረቀት የተለጠፈ። «ለዲግሪ፣ ለማስተርስና ለፒኤችዲ ተማሪዎች ፕሮፖዛል፣ የዳታ ትንተናና ሙሉ ጥናት እናማክራለን» ይልና ከሥሩ ስልክ ቁጥር ይደረድራል። «እናማክራለን» የምትለዋ ቃል ምን ማለት እንደሆነች የማይገባው የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለንም። አሁን ወረቀቱ ከፖል ወርዶ ቴሌግራም ገብቷል። ገበያው ግን እንዳለ ነው።

እናላችሁ፣ እኛ ይህን ማስታወቂያ እያነበብን ስንስቅ ኖረን አንድ ነገር ታዘብን። ያስተማሩን፣ የቀጡን፣ አርፍደን ስንመጣ ሰልፍ ፊት ያንበረከኩን ዳይሬክተሮች ተራ በተራ ተማሪ ሆነዋል። አንዱ ክረምት በመጣ ቁጥር ለትምህርት ቤት አመራር ድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ይዘምታሉ። ሌላው ማስተርሳቸውን ጨርሰዋል። አንዷ ደግሞ ጭራሽ ሦስተኛ ዲግሪ ጀመሩ፤ በትምህርት አመራር። «ዶክተር ዳይሬክተር» እያልን ትንሽ ቀለድን። ከዚያ ቀልዱ አለቀና ጥያቄው ቀረ፤ ዳይሬክተሩ ዶክተር ቢሆን ተማሪው ምን ያገኛል?

ጥያቄው የቅንጦት እንዳይመስላችሁ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የ2015ቱ ወደ 3.2 ወረደ። በዚያ ዓመት ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። መሻሻል ነው ከተባለ መሻሻል ነው፤ ከመቶ ዘጠና አንዱ አሁንም እንደወደቀ ነው። ያኔ ጣት መቀሳሰር ነበር። መምህሩ ተማሪውን፣ ተማሪው መምህሩን፣ ወላጅ ቲክቶክን፣ ሚኒስቴሩ ኩረጃን። ዳይሬክተሩን ግን ስሙን ያነሳ ሰው ብዙ አልሰማንም። አንድም ተማሪ ያላሳለፈ ትምህርት ቤት እኮ ዳይሬክተር አለው! ቢሮ አለው፣ ማኅተም አለው፣ ራዕይና ተልዕኮውን ግድግዳ ላይ ሰቅሏል።

በሌላው ዓለም ስለ ዳይሬክተር ብዙ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 ኬኔት ሌይትውድና ባልደረቦቹ ያወጡት ዝነኛ ጥናት፣ በትምህርት ቤት ውስጥ የተማሪን ውጤት ከሚወስኑ ነገሮች መካከል አመራር ከክፍል ማስተማር ቀጥሎ ሁለተኛ ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ጄሰን ግሪሶምና ሁለት ባልደረቦቹ ለዋላስ ፋውንዴሽን ባቀረቡት ጥናት፣ ከአማካይ በታች የሆነ ርዕሰ መምህር ከአማካይ በላይ በሆነ ቢተካ ተማሪው በዓመት የሦስት ወር ገደማ ተጨማሪ ትምህርት ያገኘ ያህል ይጠቀማል ብለዋል። ልብ በሉ፣ በሒሳብም በንባብም። እርግጥ የአሜሪካ ቁጥር ነው። የኛ ዳይሬክተር ጠዋቱን የጠመኔ እጥረት ሲፈታ፣ ከሰዓቱን ክፍለ ከተማ ስብሰባ ላይ ሲያሳልፍ ስለሚውል ልኩ ላይገጥም ይችላል። ቢሆንም ሰውየው ተራ ሰው እንዳልሆነ ያሳያል።

ግን ጥሩ ዳይሬክተር መሆን ሌላ፣ ዶክተር መሆን ሌላ። ይህን ያልነው እኛ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2005 አርተር ሌቪን የሚባሉ ሰው፣ የኮሎምቢያ ቲቸርስ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆነው ሳለ፣ የአሜሪካን የትምህርት ቤት አመራር ሥልጠና ገምግመው ለአስተዳዳሪዎች የሚሰጠው የትምህርት ዶክትሬት ይቅር አሉ። የራስን ሱቅ ከመዝጋት አይተናነስም። አሜሪካኖቹ ሁለት ዓይነት ዶክትሬት አላቸው፤ አንዱ ተመራማሪ ለሚሆነው፣ ሌላው እዚያው ሥራው ላይ ሆኖ ለሚማረው። የሌቪን ነቀፋ ሁለተኛው የመጀመሪያውን እየቀዳ መለስተኛ ፒኤችዲ ሆኗል የሚል ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2007፣ በካርኔጊ ፋውንዴሽን ጥላ ሥር የተሰባሰቡ ዩኒቨርሲቲዎች ዶክትሬቱን ከመዝጋት ይልቅ ዳይሬክተሩ ከገዛ ሥራው ላይ የሚያነሳውን ችግር የሚያጠናበት አድርገው ሊያድሱት ተነሱ። እኛ ዘንድ በብዛት የሚታወቀው በር ፒኤችዲ ነው። መምህር ለመሆን የሚፈልገውም፣ ትምህርት ቤቱን ማስተካከል የሚፈልገውም በዚያው በር ይገባል።

ስለ በር ካነሳን አይቀር፣ ከእንጦጦ ግርጌ ያሉትን ሁለት በሮች እንይ።

አንዱ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኮንን ነው፤ ደርግ «እንጦጦ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ» ብሎ ተራራውን ያወረሰው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የመሩት ሉሲየን ማት የሚባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ኮሌጅ ይከፈት ሲሉ እኚሁ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ተመርጠው በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን አቋቋሙ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንትም ሆኑ። እዚህ ላይ ፈገግ ብለናል። ያኔ ዳይሬክተር ሄዶ ዩኒቨርሲቲ አቆመ፣ ዛሬ ዳይሬክተር ዶክትሬቱን ሲይዝ ሄዶ ዩኒቨርሲቲ ይቀጠራል።

ሁለተኛው በር እቴጌ መነን ነው፣ የዛሬው የካቲት 12። እዚያ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ነበሩ። ስዊዘርላንድ ተምረው የመጡ፣ በወረራው ጊዜ ጣሊያን አዚናራ ደሴት ያሰራቸው፣ ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የሆኑ፣ ለተማሪዎቻቸው ትያትር የሚጽፉ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት። ዶክትሬት አልነበራቸውም። ዶክትሬት ይዘው የመጡት የሚቀጥለው ትውልድ ናቸው፤ ለምሳሌ ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ እ.ኤ.አ. በ1958 ከኦሃዮ ስቴት ይዘው ተመለሱ፣ ኋላም ከ1969 እስከ 1974 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ለዚያ ዲግሪ ባሕር መሻገር ግድ ነበር። ዛሬ ከእንጦጦ ታክሲ ይዞ ስድስት ኪሎ መውረድ ይበቃል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቀልዳችንን ያቆምነውም ለዚህ ነው።

ወደ ዳይሬክተራችን እንመለስ። ስማቸውን አንጠራም። ሰፈሩ ውስጥ ሁሉም «ቲቸር» ነው የሚላቸው፣ የልጅ እናት የሆነችውም ጭምር። ከእንጦጦ ማርያም በታች ካሉት የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንዱን ይመራሉ። አንድ ቀን ደወሉልን።

«እናንተ ልጆች፣ ጋዜጠኝነት ነው አይደል የተመረቃችሁት?»

«አዎ ቲቸር።»

«እንግዲያው ቋንቋ ታውቃላችሁ። መጠይቅ አለኝ፤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መልሱልኝ። ቡናውን እኔ አፈላለሁ።»

ሄድን። ሦስት ነበርን። መጠይቁ ሃምሳ ምናምን ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከሥሩ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» አምስት ሣጥን። «ርዕሰ መምህሩ የጋራ ራዕይ ይቀርጻል»፣ «ርዕሰ መምህሩ መምህራንን ያነቃቃል»፣ «ርዕሰ መምህሩ የመማር ማስተማሩን ሂደት በቅርበት ይከታተላል»። የውጭ ምሁራን የቀመሩት ነው፣ እዚህም እዚያም ተሞክሯል፣ አስተማማኝ ነው ተብሏል። ትርጉሙ ፈተነን። «ራዕይ» ስንል አንዷ ጓደኛችን የዮሐንስ ራዕይ ትዝ ብሏት መሳቅ ጀመረች። «ማነቃቃት»ን ደግሞ ማንም መምህር ከስብሰባ ውጪ ተናግሮት አያውቅም። «ርዕሰ መምህሩ ሲያናግርህ የመሥራት ፍላጎት ያድርብሃል?» ብንለው ይሻላል አልን። ቲቸር አሰቡና «ይሻላል፣ ግን አድቫይዘሬ ይቆጣል» አሉ።

ሦስተኛው ስኒ ላይ የሙያ ልማዳችን አላስቀምጥ አለን።

«ቲቸር፣ ይህን የሚሞላው ማነው?»

«መምህራኖቼ፣ የሌሎች ትምህርት ቤቶች መምህራንም አሉበት።»

«የእርስዎን መምህራን ዓመታዊ የሥራ አፈጻጸም የሚሞላውስ?»

ስኒውን አስቀመጡ። «እኔ።»

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም። ስም አይጻፍበትም፣ ምስጢር ነው ቢባል፣ አርባ መምህር ባለበት ግቢ የማን እጅ ጽሑፍ የማን እንደሆነ የማያውቅ ዳይሬክተር የለም። እንበልና አንዱ ደፍሮ «በጣም አልስማማም» ላይ ምልክት አደረገ። ወይ ጀግና ነው ወይ ዝውውር ጠይቋል። ቀሪው «እስማማለሁ» ይላል፣ ኮምፒውተሩ አማካይ ያወጣል፣ አማካዩ ሦስት ነጥብ ምናምን ይሆናል፣ ጥናቱ «አመራሩ መካከለኛ ነው» ብሎ ይደመድማል። መጨረሻ ላይ «የሚመለከታቸው አካላት ትኩረት ሊሰጡት ይገባል» የሚል ምክረ ሐሳብ። የሚመለከተው አካል ደግሞ ራሷ አጥኚዋ ናት!

(በነገራችን ላይ፣ መምህር ያልተሳተፈበት የመምህር ጥናት በዚህ አገር ምን እንዳስከተለ ታሪክ አለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ምሁራን፣ ባለሥልጣናትና የውጭ ባለሙያዎች ተሰባስበው ሴክተር ሪቪው የሚባለውን የትምህርት ዘርፍ ጥናት አዘጋጁ። መምህሩ አልተማከረም። የጥናቱ ነገር ሲሰማ መምህራን በየካቲት 1966 አድማ መቱ፣ ከታክሲ ነጂውና ከወታደሩ ጋር ገጠመና የሆነው ሆነ። ሰነዱ ውስጥ በጎ ሐሳብ አልነበረም ማለታችን አይደለም፤ መሠረታዊ ትምህርት ለብዙኃኑ ይድረስ የሚል ሐሳብ ነበረበት።)

ቲቸር መጠይቁን አጥፈው ፌስታል ውስጥ ከተቱና ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ። እኛ ደግሞ ዋናውን ነገር ያገኘነው መጠይቁ ከታጠፈ በኋላ ነው።

«እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ አይደለም» አሉ። «የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሴቶች አንደኛ ፔሬድ ላይ አይገኙም። ሁልጊዜ አይደለም፤ የሆኑ ቀናት ላይ። ስም ጥሪው ላይ አየሁት።»

የስም ጥሪ መዝገቦቹን አወጡ። ስቶር ውስጥ የነበሩ፣ ጠርዛቸውን አይጥ የቀመሳቸው አሮጌዎቹም ነበሩ። አብረን አገላበጥን። ባዶው ሣጥን በእርግጥም ይደጋገማል፤ በሳምንት ሁለቴ፣ በተለይ የተወሰኑ ሴቶች ስም ፊት። የእንጦጦ ልጅ ካልሆናችሁ ነገሩ ላይገባችሁ ይችላል። እኛ ግን ቀኖቹን ስናይ ተያየን። ውሃ የሚመጣባቸው ቀናት ናቸው።

ዳገት ላይ ያለ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚደርሰው። ሌሊት ወይ ንጋት ላይ ይመጣል፣ ረፋድ ላይ ይሄዳል። እናትየው ቤት የለችም፤ ከጎህ በፊት ጫካ ወጥታ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ የምትወርድ ናት፣ ወይ ሰው ቤት ልብስ አጣቢ ናት። (በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት እንጨት ይሸከሙ ከነበሩት እናቶች ሥራ ያገኙ አሉ፤ ያላገኙም አሉ።) ወንዱ ልጅ ይተኛል። ቢጫ ጀሪካን ደርድራ የምትጠብቀው ሴቷ ናት። ሞልታ፣ ተሸክማ፣ ታናሿን አልብሳ ስትደርስ የትምህርት ቤቱ በር ተዘግቷል።

በሩን ዝጋ ብሎ ጥበቃውን ያዘዘው ማን ነው? ራሳቸው ቲቸር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ማርፈድ በዛ ተብሎ ሱፐርቫይዘር ሲገመግማቸው፣ «ከ2፡15 በኋላ ማንም አይገባም» የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ። ማርፈድ ቀነሰ። በሪፖርት ላይ አምሮ ወጣ። ያረፈደው ልጅ አላረፈደም እኮ፤ ቀርቷል! ማርፈዱ ከአንዱ መዝገብ ወጥቶ ሌላው መዝገብ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ምግቡም አብሮ ይቀራል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ቁርስና ምሳ ያበላል፤ በሩ የተዘጋባት ልጅ ቁርስም ምሳም የላትም።

«በቃ፣ የዶክትሬት ርዕሱ ይሄ ነው!» አልን። ቲቸርም ተስማሙ፤ ጽፈውም ለአማካሪያቸው ወሰዱት። በሳምንቱ መልሱ መጣ። ጠባብ ነው፣ ንድፈ ሐሳቡ የት አለ፣ አንድ ትምህርት ቤት ላይ ብቻ ተመሥርቶ ዶክትሬት አይሠራም፣ በዚያ ላይ አጥኚዋ የምታጠናው የራሷን ትእዛዝ ነው።

እኛ እርስ በርስ ተጣላን። ከሦስታችን አንዷ «ዩኒቨርሲቲው የተራራውን ግርጌ እንጂ ተራራውን አያየውም» አለች። ሌላዋ ሰውየው ልክ ነው አለች። ቀዝቀዝ ብለን ስናስበው ሰውየው ግማሽ ልክ ነው። በሩን የዘጋ ሰው በሩን ያጥናው ከተባለ፣ እናቶቹ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው እውነቱን ይነግሩታል ወይ? መምህሩ መጠይቁ ላይ የፈራውን እናት ቃለ መጠይቅ ላይ ትፈራዋለች። ጋዜጣ ክፍል ውስጥም ብንሆን የራስህን መሥሪያ ቤት ዘገባ አንተ አትሠራም ነበር የምንባለው። ግማሹ ልክ ያልሆነው «ጠባብ ነው» የሚለው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ስለ አመራር በአምስት ሣጥን የተሠራ ሰፊ ጥናት ሞልቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የኢንተርኔት የጥናት ማከማቻ ከፍታችሁ ብትፈልጉ ገጽ በገጽ ላይ ነው፤ ርዕሶቻቸው እንደ መንትያ ይመሳሰላሉ፣ የሚለየው የወረዳው ስም ነው። የጠፋው የበር ጥናት ነው። ሁሉም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ደግሞ የተጠናበት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር እንኳ ላያነብበው ይችላል። ለተጠናው ትምህርት ቤት በአማርኛ የሁለት ገጽ ማጠቃለያ ሳያደርስ ማንም አይመረቅ ቢባል ምን ይጎዳል? ወረቀቱን እንኳ እኛ እንገዛለን።

ቲቸር የመረጡት መንገድ እኛ ያላሰብነው ነበር። ዶክትሬቱን ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ወሰዱት፤ እሳቸው አለቃ ወዳልሆኑበት። የራሳቸው መምህራን ከጥናቱ ወጡ። መጠይቁን አሳጥረው ስለ ሰዓትና ስለ መቅረት የሚወሰኑ ውሳኔዎችን ጨመሩበት፤ ማን ይወስናል፣ ማን ይጠየቃል፣ ውሳኔው ምን እንዳመጣ ማን ይቆጥራል። ያንን አማካሪያቸው ወደዱት፤ ንድፈ ሐሳብም ተገኘለት አሉን። የበሩን ጉዳይ ደግሞ እዚያው ትምህርት ቤቱ ውስጥ አስቀሩት፣ መምህራን ለሙያ ማሻሻያ በየዓመቱ ሠርተው ፋይል ውስጥ በሚከቱት በድርጊታዊ ምርምር መልክ። ይሄኛውን ግን ፋይል ውስጥ አልከተቱትም። ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ስብሰባ አቀረቡት። አቅራቢዋ እሳቸው አልነበሩም፤ የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ መምህርት ናቸው፣ ባዶ ሣጥኖቹንም የቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ቲቸር ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰሙ። አንዲት እናት ተነስተው «በሩ ላይ ቆማ ስታለቅስ ጎረቤት ነግሮኝ ነው፤ እኔማ ገባች ብዬ ነው የምውለው» ሲሉ ቀና አላሉም ብላ የነገረችን እዚያ የነበረችው ጓደኛችን ናት።

ጉዳዩ አላለቀም። ምክትላቸው «ዛሬ ለውሃ፣ ነገ ለእንቅልፍ» እያሉ ይከራከራሉ። ክርክራቸውም ባዶ አይደለም፤ ውሃ የማይመጣበት ሰፈር ያሉ ወንዶችም የውሃ ቀን ጠብቀው ማርፈድ ጀምረዋል። የክፍለ ከተማው ሪፖርት ፎርም ላይ «አርፍደው የገቡ» የሚል ሣጥን እንጂ «ለምን» የሚል የለም፣ ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ወረቀት ላይ ከአምናው የባሰ ይመስላል።

ዶክትሬቱ ሲያልቅስ? ይህን ጠየቅናቸው፤ ይሄዳሉ ወይ ብለን። አስተማሪ ፈላጊ ዩኒቨርሲቲ እንደማይጠፋ፣ ደሞዙም እንደሚሻል እሳቸውም እኛም እናውቃለን። ሴት ዳይሬክተር ጥቂት በሆነበት አገር አንዷ ስትሄድ ክፍተቱ ይታያል። ሦስት ልጆች ያስተምራሉ፤ የቤት ኪራይ ይከፍላሉ። «ብሄድ ትቀየሙኛላችሁ?» ብለው መልሰው ጠየቁን። አንዳችንም ቶሎ አልመለስንም።

እስከዚያው ውሃ በሚመጣባቸው ሁለት ቀናት በሩ እስከ ሁለተኛ ፔሬድ ክፍት ነው። ጥበቃው አንድ ደብተር ተሰጥቷቸዋል። የገባችውን ልጅ ስም፣ የገባችበትን ሰዓትና በእጇ ጀሪካን መኖር አለመኖሩን ይጽፋሉ። የመጨረሻዋን ማንም አላዘዛቸውም፤ ከራሳቸው የጨመሯት ናት።